የእንጨት መቅረጫ ማሽን በሪል ታይም ሊነክስ፦ የዘጠኝ ወር የአጠቃቀም ግምገማ

የወርክሾፓችንን የእንጨት መቅረጫ ሲኤንሲ ማሽን ላለፉት ዘጠኝ ወራት የሚያዝዘው ከቢሮ ተወግዶ በርካሽ የተሸጠ ኮምፒውተር ነው፤ በላዩ ደቢያን 12 የተባለው የሊነክስ ስርዓተ ክወና፣ ማሽኑን የሚያዝዘው ሊነክስ ሲኤንሲ ፕሮግራም እና እኔው ኮምፓይል ያደረግሁት (ከምንጭ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የቀየርሁት) የ6.12 ሪል ታይም ከርነል፣ ማለትም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ምላሽ የሚሰጥ የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ አሉበት። ይህን እትም የመረጥሁት ከርነሉን ሪል ታይም የሚያደርገው ፕሪኤምፕት አርቲ የሚባለው ቅጥያ ሃያ ዓመት ገደማ በፓች (በኮዱ ላይ በሚጨመር ማሻሻያ) መልክ ለብቻው ሲሰራጭ ከቆየ በኋላ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከወጣው ከ6.12 ጀምሮ በዋናው የሊነክስ ምንጭ ኮድ ውስጥ ስለተካተተ ነው። የፓች ጣጣ ስለቀረ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ አራት ቀን ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነበር። የደቢያንን የኮንፊግ ፋይል (የከርነሉን ምርጫዎች ዝርዝር) ገልብጬ የፕሪኤምፕት አርቲን መስመር በእጄ ጨመርሁበትና ኮምፓይል ማድረግ ጀመርሁ። ብዙም ሳይቆይ የደቢያን የምስክር ወረቀት ፋይል አልተገኘም ብሎ ቆመ፤ ይህ የታመኑ ቁልፎችን የሚጠቅሰውን መስመር ባዶ በማድረግ ተፈታ። ከሁለት ሰዓት በላይ ጠብቄ ኮምፒውተሩን ሳስነሳና የሚሠራውን ከርነል የሚያሳየውን «ዩኔም» የሚለውን ትእዛዝ ስሰጥ ግን የመጣልኝ «ፕሪኤምፕት ዳይናሚክ» የሚል፣ ሪል ታይም ያልሆነ ከርነል መልስ ነበር። ለካ የአርቲ ምርጫ «ኤክስፐርት» የሚባለው ሌላ ምርጫ ካልበራ ስለማይፈቀድ፣ የኮንፊግ መሣሪያው የጻፍሁትን መስመር አንዳች ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ አውጥቶ ጥሎታል። ኮምፓይል ከመጀመሩ በፊት ፋይሉን ዳግም ከፍቶ መስመሩ በቦታው መኖሩን ማየት ሁለት ሰዓት ያተርፋል።

ከርነሉ በትክክል ከተነሳ በኋላ ሳይክሊክቴስት የተባለው መለኪያ ፕሮግራም የሚያሳየው የምላሽ መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሰከንድ በታች ሲሆን፣ በየጥቂት ደቂቃው ግን አንድ ጊዜ ወደ 300 ይዘል ነበር። ለሌላ ሥራ አማካዩ ይበቃ ይሆናል፤ ሞተር ለሚያዝዝ ኮምፒውተር ግን ዋጋ ያለው ከሁሉ የከፋው ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ከርነሉን እየወቀስሁ ኮንፊጉን አገላበጥሁት። በመጨረሻ «ኤችደብሊው ላት ዲቴክት» የተባለውን መሣሪያ ሳሠራ፣ ዝላዩ የሚመጣው ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ኤስኤምአይ በሚባል ማቋረጫ አማካይነት ፕሮሰሰሩን ከስርዓተ ክወናው ነጥቆ የራሱን ሥራ ስለሚሠራበት መሆኑ ታወቀ፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የከርነል ኮንፊግ አይከለክለውም። ባዮሱ ውስጥ ገብቼ የአሮጌ ዩኤስቢ ድጋፍን ሳጠፋ ዝላዩ ቆመ፤ ፕሮሰሰሩ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ እንዳይገባ ሲ-ስቴት የሚባለውን የእንቅልፍ ደረጃ 1 ላይ ስወስነው ደግሞ ከፍተኛው መዘግየት 40 ማይክሮሰከንድ አካባቢ ረጋ። ኮምፒውተሩ ትንሽ ይሞቃል፣ ማራገቢያውም ይጮኻል፤ ከመጋዙ ድምፅ ጋር ማን ይሰማዋል!

በሦስተኛው ወር አንድ የዋንዛ በር ላይ ሐረግ እየተቀረጸ ሳለ፣ ከሞተር መቆጣጠሪያ ካርዱ የሚመጣው ንባብ አልተጠናቀቀም የሚል መልእክት ወጥቶ ማሽኑ ቀጥ አለ። ካርዱ በኔትወርክ ገመድ በየ1 ሚሊሰከንዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገር ሲሆን፣ የኔትወርክ አዳፕተሩ ግን ፓኬቶችን ጥቂት እያጠራቀመ ነበር ለፕሮሰሰሩ የሚያሳውቀው። ኢቲኤችቱል በተባለው የኔትወርክ ማስተካከያ ትእዛዝ ያንን የማጠራቀሚያ ጊዜ ወደ 0 ካወረድሁት ወዲህ መልእክቱ አልተመለሰም። በሩ ግን ተበላሽቷል።

ቅር የሚያሰኘኝ ነገር አለ። የኤንቪዲያ የራሱ ድራይቨር በሪል ታይም ከርነል ላይ አልጫንም ስለሚል የግራፊክስ ካርዱን አውልቄ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ እየሠራሁ ነው። ስቴፐር (በእርምጃ በእርምጃ የሚዞር) ሞተርን ያለ ውጫዊ ካርድ፣ በፓራለል ፖርት (በአሮጌው የፕሪንተር መሰኪያ) በቀጥታ ለሚያዝዝ ሰውም 40 ማይክሮሰከንድ ብዙ ስለሆነ፣ አርቲኤአይ የተባለው የቀድሞው የሪል ታይም ቅጥያ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ባለፈው ወር ሁለተኛውን ማሽን ስናቆም ምንም ኮምፓይል አላደረግሁም፤ ደቢያን 13 ያንኑ 6.12 በተዘጋጀ የአርቲ ፓኬጅ ስለሚያቀርብ እሱን ጫንሁ። ከዚያ በፊት ግን ባዮሱን ከፍቼ ነበር።