ገደል የሚፈራ ሰው ባሉን ላይ ለምን አይፈራም?

ለገና ሰሞን አገር ቤት ገብታችሁ በአዲስ አበባ ዙሪያ በሙቅ አየር ባሉን መብረር አምሯችሁ፣ «እኔ ከፍታ አልችልም» ብላችሁ አትተዉት።

ገደል አፋፍ ላይ ጉልበት የሚከዳው በከፍታው ብቻ አይደለም። ሰው ቆሞም ሳለ በጥቂቱ ይወዛወዛል፤ ዓይን ውዝዋዜውን የሚያርመው ቅርብ ያለን ነገር በማየት ነው። አፋፍ ላይ ግን ከፊት ለፊት ቅርብ ነገር የለም፤ ስለዚህ ራስ ያዞራል። ገደሉም ከእግር ሥር ጀምሮ እስከ ታች ስለሚታይ ርቀቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከባሉን ወደ መሬት የሚወርድ ምንም ነገር የለም። ታች ያለው ማሳና ቆርቆሮ ቤት ካርታ ይመስላል። የቅርጫቱ ጠርዝ ደረት አካባቢ ስለሚደርስ እጅም ዓይንም ማረፊያ ያገኛሉ። ባሉኑ ከነፋሱ እኩል ስለሚሄድ ደግሞ ነፋስ ፊት አይመታም፤ የቆመ ይመስላል።

በገመድ ታስሮ የሚነሳው ግን ሌላ ነው። ነፋስ ያወዛውዘዋል፣ ገመዱም ዓይንን ወደ ታች ይጎትታል። ፈሪ ሰው «ይሄ ይሻለኛል» ብሎ የሚመርጠው እሱን ነው፤ ተሳስቷል።

እኔ ወደ በረርኩበት አገልግሎት ስንመጣ፣ የሚወስደን መኪና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ደርሷል። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች አየሩ ስለሚናወጥ በረራው ማለዳ መሆኑ ግድ ነው። የማረፊያ ገለጻው ጥሩ ነበር፦ ጉልበት አጠፍ፣ ጀርባ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ፣ ሁለት እጅ በቅርጫቱ ውስጥ ባለው የገመድ መያዣ። ፓይለቱ ሳይፈቅድ አንድ ሰው ከወረደ ክብደቱ ቀንሶ ባሉኑ መልሶ ሊነሳ ይችላል፤ ይህን ደጋግመው ተናገሩ። ባሉኑ ያልታጨደ ጤፍ ላይ አለማረፉም የሚያስመሰግን ነው።

ጉድለቱ ክብደት ላይ ነው፤ ሚዛን አልነበረም፣ የተሳፋሪውን ቃል ብቻ ተቀበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ባሉን እዚህ የሚያነሳው ጭነት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያነሳው ያንሳል። በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም። ስትመዘገቡ ሚዛን መኖሩን ጠይቁ።

ኮፍያ አድርጉ፤ የባሉኑን አየር የሚያሞቀው የፕሮፔን ጋዝ እሳት ከራስ በላይ ሲለቀቅ አናት ያቃጥላል፣ ድምፁም ያስደነግጣል። በረራውን ለመመለሻችሁ ዋዜማ አትያዙ። የመሬቱ ነፋስ በሰዓት ወደ 18 ኪሎ ሜትር ከተጠጋ ጥሩ ፓይለት ይሰርዘዋል፤ ሌላ ማለዳ መሞከሪያ ይኑራችሁ።