11 ወር የገፋሁት ጋሪ

የሕፃን ጋሪውን ስንገዛ ልጃችን 4 ወሯ ነበር፤ አሁን 15 ወር ሆኗታል። በነዚህ ወራት ቤት የዋልንባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ያልታየኝን ብዙ ነገር መንገዱ አሳይቶኛል።

ያማረጥነው ከሁለት ነው። አንዱ ትልልቅ በአየር የሚሞሉ ጎማዎች ያሉት፣ 13 ኪሎ የሚመዝን፤ ሌላው 7 ኪሎ ብቻ፣ ጎማዎቹ ትናንሽና ድፍን። የሱቅ ወለል ላይ ሁለቱም እኩል ይንሸራተታሉ፤ ልቤም ወደ ትልቁ አድልቶ ነበር። ሐሳባችንን ያስቀየረን ደረጃው ነው። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሊፍት የለውም። ዛሬ ልጄ 10 ኪሎ ሆናለች፤ ከጋሪው ጋር 17 ኪሎ ተሸክሜ እወጣለሁ። ትልቁን ገዝተን ቢሆን 23 ይሆን ነበር። ጉልበቴ በየቀኑ ያመሰግነኛል።

አጣጠፉን በተመለከተ ሻጩ በሁለት እጁ እያጠፈ ማሳየቱ ምንም አይጠቅማችሁም። የልጃችሁን ክብደት የሚያህል ነገር በአንድ ክንዳችሁ ታቅፋችሁ ራሳችሁ እጠፉት፤ ራሳችሁ ዘርጉት። የኛ በአንድ እጅ ይታጠፋል፤ ሲዘረጋ ግን «ቀጭ» የሚል ድምፅ ካላሰማ አልቆለፈም ማለት ነው። ልጄ መያዝ ስትጀምር ደግሞ እጇን ወደ መገጣጠሚያው ስትሰድ አየሁና ደነገጥኩ፤ ያ ቦታ የሕፃን ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ስዘረጋም ሳጥፍም እሷን አርቄ ነው።

ስለ ጀርባ መደገፊያው ረጋ ብዬ ልናገር። አንገቱ ያልጸና ሕፃን ቀና ባለ መቀመጫ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቃል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል፣ የትንፋሽ መንገዱም ይጠባል። በ4 ወሯ ልጄ አንገቷን ትይዝ ነበር፤ ስትተኛ ግን ያ ጥንካሬ አብሯት ይተኛል። የኛ ጋሪ መደገፊያው እስከ መጨረሻው ስለሚዘረጋ ብዙ እንቅልፏን በጀርባዋ ተጋድማ ተኝታበታለች። ይህ ባይኖረው ኖሮ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ አልገዛውም ነበር።

ድክመቱ ጎማው ላይ ነው። ጠጠር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የፊት ጎማዎቹ ትንሽ ስንጥቅ ባገኙ ቁጥር ይገባሉ። አንድ ቀን የቦይ ክዳን ክፍተት ውስጥ ገቡና ጋሪው ባንዴ ቀጥ አለ። ልጄን ወደ ፊት ከመወርወር ያተረፋት ከትከሻዋም፣ ከወገቧም፣ ከእግሮቿም መሃል የሚይዛት ባለ አምስት ነጥብ ቀበቶ ነው። እኔ ግን የትከሻውን ማሰሪያ ለአጭር መንገድ ብዙ ጊዜ እተወው ነበር። አሁን ለአንድ ደቂቃም ሳላስርላት አልገፋም። መንገዱ ሲከፋ የፊት ጎማዎቹ እንዳይዞሩ እቆልፋቸዋለሁ።

ቦርሳ እጀታው ላይ አታንጠልጥሉ። እኔ አንጠልጥዬ ልጄን ሳነሳት ጋሪው ወደ ኋላ ተገለበጠ። ከባድ ዕቃ ከሥር ባለው ቅርጫት ይግባ።

ጥላው አጭር ነው፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል ፊቷ ላይ ታርፋለች። መጀመሪያ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አደርግበት ነበር። አንድ ቀን እጄን ወደ ውስጥ ሳስገባ ሙቀቱ አስደነገጠኝ፤ አየር የሚወጣበት የለም። ጨርቁን ዳግም አልሸፈንኩበትም፤ ጥላ ያለበትን መንገድ እመርጣለሁ።

ፍሬኑ በአንድ መርገጫ ሁለቱንም የኋላ ጎማ ይይዛል፤ ለመልቀቅ ግን በእግር ጣት ወደ ላይ ማንሳት ስለሚያስፈልግ በክፍት ጫማ ያማል። የመቀመጫው ጨርቅ ወልቆ ይታጠባል። በዘጠነኛው ወር የግራው የፊት ጎማ መጮህ ጀምሮ ነበር፤ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር ሳወጣለት ዝም አለ።

ባለፈው ሳምንት የትከሻውን ማሰሪያ ወደ ላይኛው ቀዳዳ አሻገርኩት። ከዚያ በላይ ሌላ ቀዳዳ የለም። መመሪያው እስከ 15 ኪሎ ይፈቅዳል፤ የልጄ ትከሻ ግን ከክብደቷ ቀድሞ ገደቡ ላይ ሊደርስ ነው። ስትገዙ የተጻፈውን ኪሎ ብቻ አትዩ፤ የላይኛው ቀዳዳ ከመቀመጫው ምን ያህል ከፍ እንደሚል በስንዝር ለኩት።