ቀዩ ሰንጢ ወይስ ባለ እንጨት እጀታው?

«ስትመጣ አንድ ደህና ሰንጢ ያዝልኝ» የማይለኝ ወዳጅ የለም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፤ ብዙ መሣሪያ የታጠፈበት ቀዩ የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ይሻላል ወይስ ባለ እንጨት እጀታው የፈረንሳዩ ኦፒኔል? ጊዜያችሁን አልፈጅም፤ ኦፒኔል ቁጥር 8 ግዙ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዋጋ። እኔ ባለሁበት አሜሪካ ቁጥር 8 በ20 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ከቪክቶሪኖክስ ተራው የሚባለው ስፓርታን 30 ዶላርን ይዘላል። መቀስና መጋዝ የተጨመረበት ሀንትስማን ደግሞ ወደ 50 ይጠጋል። ለአንድ ሰው ከሆነ ልዩነቱ ብዙም አይቆረቁርም። ግን ማን ለአንድ ሰው ብቻ ገዝቶ ያውቃል? ሦስት ሀንትስማን በምትገዙበት ገንዘብ ሰባት ኦፒኔል ይመጣል።

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኛው ሰው ሰንጢ የሚፈልገው ሊቆርጥበት ነው። የኦፒኔሉ ስለት ስስ ነው፤ 8.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ቁርጥ ቤት ይዛችሁት ግቡና ሥጋው ላይ ሞክሩት። የስፓርታኑ ያጥራል። ከዚያ ሁሉ የሚብሰው ግን ማጽዳቱ ነው። ጮማው በወስፌውና በጣሳ መክፈቻው መሃል ገብቶ ይደርቃል፤ በጥርስ ብሩሽ ካልተፈገፈገ ይሸታል። ኦፒኔል ያለው አንድ ስንጥቅ ብቻ ነው።

ቀዩ ሌላም ጣጣ አለው፤ ፎርጅዱ በዝቷል። አንድ ጓደኛዬ ከአንድ የገልፍ ከተማ ገበያ «ኦሪጅናል ነው» ተብሎ በግማሽ ዋጋ ገዝቶ መጣ። ዘጋሁትና ወደ መስኮቱ አዞርኩት። በጀርባው በኩል፣ በብረቶቹ መሃል ብርሃን ያሾልካል። መቀሱ ክር ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። እጀታው ላይ ያለውን የመስቀል አርማ በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ተላጠ። በስፓርታንና በሀንትስማን ላይ መስቀሉ እጀታው ውስጥ የተቀበረ ብረት ነው፤ አይላጥም። የናይለን እጀታ ባላቸው ርካሾቹ ላይ ግን ኦሪጅናሉም የታተመ ስለሆነ በመስቀሉ ብቻ አትፍረዱ። ድምፁንም ስሙት። ደህናው ሲከፈትም ሲዘጋም «ቀጭ» ይላል። የጓደኛዬ ተከፍቶም ግራ ቀኝ ይላል። ኦፒኔልም ፎርጅድ አያጣም፤ ግን ዋናው ራሱ ርካሽ ስለሆነ ሰው የሚሸወድበት ቅናሽ የለውም።

ኦፒኔል እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እጀታው እንጨት ነው፤ ውሃ ከጠጣ ያብጥና ስለቱን ነክሶ ይይዘዋል። ያኔ በጥፍር አትታገሉ። የእጀታውን የኋላ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ስታደርጉት ስለቱ ብቅ ይላል። ሲደርቅ የተልባ ዘይት ቀቡት። ዘፍዝፎ ማጠብ ክልክል ነው። ስለቱ በሁለት ዓይነት ብረት ይመጣል፤ ሊዝግ በሚችለው ካርቦንና ዝገት በሚቋቋመው ኢኖክስ። ካርቦኑ በሞረድ ቶሎ ይሳላል፤ ግን ሎሚና ሽንኩርት ያጠቁረዋል። ጥቁረቱ አይጎዳም፤ ቀይ ዝገት ካያችሁ ግን ቸል አትበሉ። እኔ የምይዘው ካርቦኑን ነው፤ ለሰው የምገዛው ኢኖክሱን። ካርቦን የሰጠሁት ሁሉ «ዛገብኝ» ብሎ ይደውላል!

አንገቱ ላይ ያለው ቀለበት ከ1955 ጀምሮ የመጣ ነው። ሲዞር ስለቱን ይቆልፋል፤ ከ2000 ወዲህ ደግሞ ታጥፎም ይቆለፋል። ከላላ አውጥቶ ትንሽ ጠበቅ አድርጎ መመለስ ነው፤ ጉጠት ያለው ሰው ይሠራዋል። ስፓርታን መቆለፊያ የለውም፤ በጫፉ ተጭናችሁ ስትበሱ ጣታችሁ ላይ ሊታጠፍ ይችላል።

«ቪክቶሪኖክስ እኮ የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» ትሉኛላችሁ። አለው፤ ለአሠራርና ለብረት ጉድለት። በአገልግሎት ያለቀውን አይመለከትም። ከአዲስ አበባ ለጥገና ለመላክ የምትከፍሉት ደግሞ ሌላ አዲስ ሰንጢ ሊገዛ ይችላል። ወረንጦውና ስቴኪኒው ከጠፉ ግን መለዋወጫ በርካሽ ይገኛል፤ ይህን አልክድም።

ሹፌር ወይም ኤሌክትሪሺያን ከሆናችሁ፣ ካቻቢቴው በየቀኑ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ቀዩን ግዙ፤ አልከራከርም። የትኛውንም ስትልኩ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፤ በእጅ ሻንጣ ከያዛችሁት ፍተሻው ላይ ይቀራል።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ ግን ምክሬን ገልብጡት። እዚያ ያለ በቂ ምክንያት በኪስ ይዞ መውጣት የሚፈቀደው የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች የማይበልጥ ተጣጣፊ ሰንጢ ነው። ቁጥር 8 ይቆለፋል፣ ከ3 ኢንችም ይበልጣል። ለኪስ ስፓርታኑን ያዙ፤ ኦፒኔሉ ኩሽና ይዋል።