«አዲስ ፊልም» ተብሎ ስለሚሸጠው «ዊንድ ቺል» ለሸማቾች የተሰጠ ማስጠንቀቂያ

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ አንድ ፊልም የሚጭን ሱቅ «የዘንድሮ፣ ሙሉ፣ በአማርኛ የተተረጎመ» ተብሎ በ200 ብር ፍላሽ ላይ የተጫነልን አስፈሪ ፊልም ከተባሉት ከሦስቱ አንዱንም ሆኖ አልተገኘም፤ ስለዚህ ለበዓሉ ተመሳሳይ ግዢ ያሰባችሁ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ማስታወቂያው ላይ የተለጠፈው የተዋናይቷ የኤሚሊ ብላንት የቅርብ ጊዜ ፎቶግራፍ በመሆኑ፣ በ«ኦፐንሃይመር» ያወቃት ተመልካች አዲስ ሥራዋ ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ፊልሙ ግን ግሪጎሪ ጃኮብስ ያዘጋጀውና በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2007) ለእይታ የበቃው «ዊንድ ቺል» ነው። ለገና ዕረፍት በአንድ መኪና ወደየቤታቸው የሚጓዙ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ከዋናው መንገድ ወጥተው በረዶ ውስጥ ሲቀሩ፣ በዚያው መንገድ የሞቱ ሰዎች መናፍስት ሌሊቱን ሲመላለሱባቸው ያሳያል። ሥራው በራሱ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ሊማሊሞ ላይ መኪና ተበላሽቶበት በብርድ ያደረ ሰው፣ ደም ከሚፈስባቸው ፊልሞች ይልቅ ይህ እንደሚያስፈራው አምናለሁ።

ጉዳዩ የተሸጠልን ቅጂ ነው። ሙሉው ፊልም 91 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ፣ የተጫነልን አንድ ሰዓት ሳይሞላው ይቆማል። በመንገዱ ላይ ቀድሞ ምን እንደተፈጸመና በሌሊት የሚመጣው ፖሊስ ማን እንደሆነ የሚገለጠው በኋለኛው ክፍል ስለሆነ፣ መጨረሻውን ያጣ ገዢ ፊልሙን አየሁ ለማለት አይችልም። ተራኪውም የመጀመሪያዎቹን ትዕይንቶች ከተረጎመ በኋላ ድምፁ ይጠፋል፤ የቀረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

ሱቁ ጥፋቱን ቅጂውን ባመጣለት ሰው ላይ ከማሳበብ ያለፈ መልስ አልሰጠም፤ ደረሰኝም አልቆረጠም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ሆኖም ያለ ደረሰኝ ግዢን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። (ያለ ፈቃድ የተባዛ ፊልም ይዞ አቤት ማለት ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለእናንተ ፍርድ እተወዋለሁ።)

ስለሆነም የፊልሙን ትክክለኛ ስምና የወጣበትን ዓመት አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የፋይሉ ስም እንደተፈለገ ሊለወጥ ስለሚችል እርሱን ብቻ አትመኑ። ተጭኖ ሲያበቃም ከራሳችሁ ፍላሽ ላይ በሱቁ ኮምፒውተር አስከፍታችሁ ርዝመቱን ተመልከቱ፣ መሐሉንና መጨረሻውን እያለፋችሁ ምስሉንም ትርጉሙንም አረጋግጡ፤ ሻጩ ጊዜ የለኝም ብሎ እምቢ ካለ አትክፈሉ።