ዘጠኝ ወር በፈረስ ጀርባ ላይ የዋለ ማስመሪያ

ዕቃውን የገዛሁት በ18 ዶላር ነው። ለ18 ዶላር ዕቃ ይህን ያህል መጻፍ ቅብጠት የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን በእነዚህ ዘጠኝ ወራት ለፈረሴ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያላስቆጨኝ እሱ ብቻ ነው። ተጣጣፊ ማስመሪያ ይባላል። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ላዩ ፕላስቲክ፣ ውስጡ እርሳስ ነው፤ የሚጻፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ማለቴ ነው። ያገኘሁት የሥዕል መሣሪያ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። የተሠራው ለንድፍ ባለሙያዎች ሲሆን፣ ሲያጣጥፉት ይታዘዝና የሰጡትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። እኔ ግን የምለካበት ፈረስ ነው።

ፈረሴ ዳማ ቦራ ነው፤ ሰባት ዓመቱ። ሜሪላንድ በሚገኘው ላውረል ፓርክ የፈረስ መሮጫ ሲሮጥ ቆይቶ ከውድድር የወጣ፣ ቶሮብሬድ የሚባለው የእሽቅድምድም ፈረስ ዘር ሲሆን፣ አሁን ቨርጂኒያ፣ ላውደን ካውንቲ ውስጥ በተከራየሁለት ጋጣ ይኖራል። ስሙን ታጋሽ ብዬዋለሁ። በአገራችን ወግ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት ሁሉ እኔም በፈረሴ ስም መጠራት ነበረብኝ፤ ሴት ስለሆንኩ ይመስለኛል እስካሁን ማንም አልደፈረም።

ከውድድር የወጣ ፈረስ ጀርባ ቶሎ አይረጋም። ታጋሽ ወደ እኔ ሲመጣ ከጋማው መጨረሻ ያለው ጉብታ እንደ ጎጆ ጫፍ ሹል ነበር፤ ከትከሻው አጥንት ኋላም በግራና በቀኝ መዳፍ የሚያስገባ ስርጉድ ነበረው። መኖው ሲስተካከልና ሥራው ሲለወጥ ያ ስርጉድ በጡንቻ እየተሞላ ይሄዳል፤ ያኔ ትናንት ልኩ የነበረው ኮርቻ ዛሬ ይቆነጥጠዋል። ኮርቻ አስተካካይዋ የምትመጣው ከሩቅ ስለሆነ የትኞቹን ኮርቻዎች መኪናዋ ላይ እንደምትጭን ለማወቅ የጀርባውን ቅርጽ በወረቀት ነድፌ አስቀድሜ እንድልክላት ጠየቀችኝ። ማስመሪያው የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ያሳፍራል። ሚያዝያ 2017 ነው። ከጋጣው ጀርባ ባለው ተዳፋት ሣር ላይ፣ ለኮውን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ፣ እሱ እየጋጠ እኔ ለካሁ። የሚግጥ ፈረስ አንድ እግሩን ወደፊት አንድ እግሩን ወደኋላ አድርጎ ነው የሚቆመው፤ ስለዚህ አንዱ ትከሻ ከሌላው ቀድሞ ይወጣል። ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ደግሞ ጀርባው ቀና ይላል። በዚህ ላይ ማስመሪያውን ከጉብታው ላይ ሳነሳ ሁለቱን ጫፎች እንደ መቀስ ከፈትኳቸው። የላክሁት ንድፍ የታጋሽ ሳይሆን የአንድ ሰፊ የጋሪ ፈረስ ነበር ማለት ይቻላል። አስተካካይዋ ሦስት ኮርቻ ጭና መጣች፤ ሦስቱም ጉብታው ላይ ቁጭ አሉ። ለጉዞና ለምርመራ 95 ዶላር ከፈልኩና ንድፉን በፊቴ አንስታ ሳቀች። ማስመሪያውን ልወቅሰው አስቤ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእጄ ነው።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። የጋጣው መተላለፊያ ሲሚንቶ ስለሆነ ፈረሱን እዚያ አቆመዋለሁ። አራቱም እግሮቹ እንደ ጠረጴዛ እግር መቆም አለባቸው፤ አንዱ እንኳ ካረፈ እንደገና አንድ እርምጃ አስኬደዋለሁ። ራሱን የሚይዝልኝ ሌላ ሰው እለምናለሁ፤ ራሱ በልማዱ ከፍታ ላይ፣ ዓይኑ ወደፊት። ከዚያ የትከሻውን አጥንት የኋላ ጠርዝ በጣቴ ፈልጌ፣ ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ወደኋላ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ማስመሪያውን መሐል ለመሐል ቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ ክሩ አከርካሪው ላይ ያርፋል። ከዚያ ወደ ታች በሁለት መዳፍ ቀስ ብዬ አስተኛዋለሁ። አየር እንዳይገባበት፣ ሥጋውንም እንዳይጫነው። ታጋሽ እዚህ ጋ ዝንብ እንዳረፈበት ቆዳውን ያንቀጠቅጣል፤ እስኪያቆም መጠበቅ ግድ ነው። ሳነሳው ክርኖቼን ጎኔ ላይ አጣብቄ ቀጥ ብዬ ወደ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ አስቀምጬ በውስጠኛው ጠርዝ እስላለሁ። ወዲያው ደግሜ እለካለሁ፤ ሁለተኛው መስመር በመጀመሪያው ላይ ካልገጠመ ሁለቱንም ቀድጄ እጥላለሁ።

በዚህ ዓይነት መቀመጫው የሚያርፍበትን ቦታና የመጨረሻውን የጎን አጥንት እለካለሁ። ፈረስ 18 ጥንድ የጎን አጥንት አለው፤ የመጨረሻውን ከታች ጀምሮ በጣት እየተከተሉ ወደ ላይ ቢወጡ የኮርቻው ትራስ የት ማለቅ እንዳለበት ያሳያል። ከዚያ አልፎ ሽንጡ ላይ ክብደት ማሳረፍ አይገባም። በመጨረሻ አከርካሪውን ተከትዬ በቁመቱ እነድፋለሁ፤ እዚህ ላይ ነው 60 ሴንቲ ሜትር የሚያጥረው። በሁለት ዙር መለካትና ወረቀት ላይ መቀጠል አለብኝ፤ የተቀጠለ መስመር ደግሞ አላምንም። የሚገዛ ሰው ቢኖር የ90ውን ይግዛ።

ወረቀቶቹ ላይ ቀኑን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እጄ ለምዶታል። በሁለተኛው ቀጠሮ አስተካካይዋ ወረቀቱን ገልጣ ዝም አለች፣ ታጋሽን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። “2017? ይህ ፈረስ በ2018 አይደል የተወለደው?” አለችኝ። ከመወለዱ በፊት የተለካ ፈረስ አለመሆኑን ለማስረዳት ከኮርቻው የበለጠ ጊዜ ወሰደብን። አሁን ሁለቱንም ዓመት እጽፋለሁ።

ወደ ወጌሻዋ ልምጣ። የፈረስ ወጌሻ ስል ጡንቻ የምታሸውንና መገጣጠሚያ የምታፍታታውን ባለሙያ ነው፤ ለኳስ ተጫዋች ወጌሻ ካለው ለፈረስ ቢኖር ምን ይገርማል። በመጀመሪያ ጉዞ ለመቆጠብ ብዬ ወጌሻዋንና ኮርቻ አስተካካይዋን ጠዋትና ከሰዓት በአንድ ቀን ቀጠርኳቸው። መጥፎ ሐሳብ ነበር። ታጋሽ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ተልፈስፍሶ ነበር የቆመው፤ ሲጋለብም እግሩን እየጎተተ ነው። አስተካካይዋ በዚያ ሁኔታ የታየ ኮርቻ ለነገ ዋስትና የለውም ብላ ግማሹን ሥራ አቋረጠች። ከዚያ ወዲህ ተራውን ቀየርኩ። መጀመሪያ ኮቴው ይስተካከላል፤ በሳምንቱ ወጌሻዋ ትመጣለች፤ ከዚያ አራት አምስት ቀን በቀላል ሥራ ይቆያል፤ ከዚያ እለካለሁ፤ ከዚያ ኮርቻ።

ለወጌሻዋ ቀን ፈረሱ ደረቅና ከጭቃ የጸዳ መሆን አለበት። ፀጉር የሚያብለጨልጭ ቅባትም ሆነ የዝንብ መከላከያ ጀርባው ላይ አይረጭም፤ እጇ ይንሸራተታል። ጠዋት ወጥቶ እንዲንቀሳቀስ እለቀዋለሁ፣ ድርቆሹንም እንደወትሮው ይበላል፤ ጎረቤቶቹ መኖ የሚሰጣቸው ሰዓት ላይ ግን ቀጠሮ አልይዝም፣ ያኔ ጆሮው ሁሉ ባልዲው ጋ ነው። ሐኪም ያየው ችግር ካለ አስቀድሜ እነግራታለሁ። እሷም ሐኪም አይደለችም፣ ነኝም አትልም፤ ይህ ነው ያስወደደኝ። በሰኔው ቀጠሮ ከኮርቻው ኋላ ያለውን ጡንቻ በአውራ ጣቷ ይዛ ሳትገፋ ብቻ ስትጠብቅ አየኋት። ደቂቃ አለፈ። የታጋሽ የታች ከንፈር ተንጠለጠለ፣ ዓይኑ ከደን አለ፣ ከዚያ ድዱ እስኪታይ ሦስት ጊዜ አዛጋ።

ያን ጊዜ ከእሽቱ በፊትና ከአምስት ቀን በኋላ ለክቼ ነበር። በግራ በኩል የመስመር ውፍረት ያህል ልዩነት አገኘሁ። ከእሽቱ ነው ወይስ ከአቋቋሙ? ይህ መሣሪያ ያንን ሊለይ አይችልም፤ ለወጌሻዋ ሥራ ማስረጃ አድርጌ ባቀርበው ራሴን መዋሸት ይሆንብኛል።

መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው በወራት ነው። የሚያዝያን፣ የሰኔን፣ የነሐሴንና የጥቅምትን ወረቀቶች ደራርቤ መስኮት ላይ ሳስጠጋቸው ስርጉዱ ሲሞላ በዓይኔ አየሁ፤ ከትከሻው ኋላ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። የግራው ትከሻ ከቀኙ እንደሚበልጥም እዚያ ላይ ነው ያየሁት። እንዲህ መለካት የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሊን ግሬቨና ሱ ዳይሰን የተባሉ የእንስሳት ሐኪሞች በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 104 ፈረሶችን ለአንድ ዓመት በየሁለት ወሩ የለኩት በዚሁ ዓይነት ተጣጣፊ ማስመሪያ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ 18 ዶላሩን በኩራት ነው የምናገረው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ኮርቻው ወደ ቀኝ መንሸራተት ጀመረ። በየጉዞው መሐል ግራ እርካቤን ረግጬ አቃናዋለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። የድሮዋ እኔ ብትሆን አዲስ ስስ ትራስ ገዝታ ከሥሩ ትከት ነበር። ለካሁ። መስመሩ ከነሐሴው ጋር አንድ ነው፤ ጀርባው አልተለወጠም። አስተካካይዋም የኮርቻውን ትራሶች ፈትሻ እኩል መሆናቸውን አየችና “ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሐኪም ደውይ” አለችኝ። ሐኪሙ ክብ እያስኬደ ሲያየው በቀኝ የኋላ እግሩ በጥቂቱ ያነክሳል። እኔ በዓይኔ ጨርሶ አላየሁትም ነበር። እነዚያው ሁለት ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥራ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚንሸራተት ኮርቻ ከኋላ እግር ማንከስ ጋር እንደሚያያዝ፣ ብዙ ጊዜም ወደታመመው እግር በኩል እንደሚሄድ አሳይተዋል። የታዘዘለትን ዕረፍትና ሕክምና ጨርሶ ኅዳር ላይ ስቀመጥበት ያው ኮርቻ ቀጥ ብሎ ዋለ።

ጉድለቱን ልናገር። በሰባተኛው ወር መሐሉ ላይ፣ ልክ ክሩ ጋ፣ ቅርጽ የማይቀበል ስብራት አወጣ፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ መታጠፉ ይመስለኛል። በብርድ ይደርቃል፤ ታኅሣሥ ላይ ከመለካቴ በፊት ካፖርቴ ውስጥ ብብቴ ሥር አስሞቀዋለሁ። ቁጥሮቹ በላብና በአቧራ ጠፍተዋል። አንዱ ጫፉ ተላጦ እርሳሱ ብቅ ስላለ በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ፤ እርሳስ መርዝ ነውና ከተጠቀምኩ በኋላ እጄን እታጠባለሁ፣ ያገኘውን ሁሉ ከሚያኝክ ፈረስም አርቀዋለሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቆመ ፈረስን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሰው ሲቀመጥበትና ፈረሱ ሲራመድ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ አይነግርም፤ ስለዚህ አስተካካይን የሚተካ ነገር አድርጎ የሚገዛው ሰው ገንዘቡን ባይነካው ይሻለዋል።

አባቴ እንጅባራ ነው ያለው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ከአዊ ፈረሰኞች ጋር ይወጣል። ገጣባ ፈረስ ካየ የሚሳደበው ባለቤቱን ነው። በስልክ ስነግረው “አንቺ ልጅ፣ ፈረሱን ሱሪ ልታሰፊለት ነው?” ብሎ ሳቀ። የእሱ መለኪያ መዳፉ ነው፤ ኮርቻው ሥር አስገብቶ ይዳስሳል፣ ከጉዞ በኋላ ደግሞ ላቡ የት እንደረጠበና የት እንደደረቀ ያያል። የ90 ሴንቲ ሜትሩን ስገዛ አሮጌውን ጫፎቹን በደንብ ጠቅልዬ ወደ አገር ቤት በምትሄድ ጓደኛዬ ላክሁለት፤ ለጨዋታ ያህል ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወለ። ፈረሱን አልለካውም። ኮርቻውን ገልብጦ፣ ማስመሪያውን በእንጨቱ ቅስት ላይ ከፊትና ከኋላ አስተኝቶ በካርቶን ነድፎታል። “ሃያ ዓመት የተቀመጥኩበት ኮርቻ በግራ በኩል ጠማማ ነው፤ እኔ ደግሞ ፈረሱን ስመታ ኖርኩ” አለኝ። እኔ በዘጠኝ ወር ውስጥ ማስመሪያውን ወደ ኮርቻዬ ሆድ ማዞር አንድ ቀንም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ቅዳሜ ጋጣው ስደርስ ታጋሽን ከማውጣቴ በፊት ኮርቻዬን ድርቆሽ እስር ላይ ገለበጥኩት።