አስራት ወልደየስ፦ ቀዶ ሕክምና ወይስ ፖለቲካ?

ፕሮፌሰር አስራት በሐኪምነታቸው ቢቀጥሉ ይሻል ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው።

ሐኪምነታቸው ጭቅጭቅ የለውም። ኤድንብራ ተምረው አገራቸው ተመለሱ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የግል ሐኪም ሆኑ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙት አንዱ ሲሆኑ በዲንነትም መርተውታል። ጥሩ ቀዶ ሐኪም የሚያድነው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰው ነው፤ መምህር ሲሆን ግን ተማሪዎቹ ዕድሜ ልካቸውን የሚያክሟቸውም የእሱ ናቸው። እሳቸው ሁለቱንም ነበሩ።

ፖለቲካው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሽግግሩ ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው ቀረቡ፣ አዳራሹ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል እሳቸው የኤርትራን መገንጠል ተቃወሙ። በዓመቱ የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን (መአሕድ) መሠረቱ። በ1993 ከ40 በላይ ከሚሆኑ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ፤ በ1994 ደግሞ የትጥቅ አመፅ አሲረዋል ተብለው ታሰሩ። በ1998 መጨረሻ በጠና ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ተላኩ፣ በግንቦት 1999 ፊላደልፊያ ውስጥ አረፉ።

በውጤት ከተለካ ሕክምናው ይበልጣል፣ አልክድም። ፓርቲያቸው በብሔር ስም መደራጀቱንም የሚተቹ አሉ፤ ትችቱ ክብደት አለው። እኔ ግን ከውሳኔያቸው ጎን ነኝ። ዕድሜያቸው ከ60 አልፎ፣ ስምና ክብር ሞልቷቸው፣ ዝም ቢሉ ማንም አይነካቸውም ነበር።