አባቴን የሜዳ አህያ ላሳየልን የሃላይደጌ አስጎብኚ የምስጋና ቃል

አባቴ 34 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እኔም ከተማሪዎቻቸው አንዷ ነበርኩ፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ የሜዳ አህያ ሲስሉ አሁንም ይታየኛል። ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «በሥዕል እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም እኮ» አሉኝ። ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። ባለፈው ጥር ይዣቸው ወደ አፋር፣ ወደ ሃላይደጌ ሜዳ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው እዚያ የመራንን ወጣት አስጎብኚ በአደባባይ ለማመስገንና ወደዚያ ለሚሄድ ሁሉ ለመጠቆም ነው።

ምስጋናዬ ለምን እንዲህ እንደበዛ ለመረዳት ከዚህ በፊት የደረሰብኝን ማወቅ ያስፈልጋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር በረሃ ወርጄ ነበር። ያኔ የያዝነው አስጎብኚ፣ ስሙንም ድርጅቱንም አልጠራም፣ ሳላ የሚባለውን ባለ ረጅም ቀንድ የዱር እንስሳ ባየ ቁጥር ሹፌሩን «ንዳው! ድረስበት!» ይለው ነበር። መንጋው በአቧራ ውስጥ ሲሸሽ አንድ ግልገል ወደ ኋላ ቀርቶ ሲንገዳገድ አየሁ። ከዚያ ጉዞ የተረፈኝ የእንስሳት ጀርባ ፎቶግራፍና እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ነገር ነው። ስለዚህ አባቴን ለማን አደራ እንደምሰጥ በጣም አስጨንቆኝ ነበር።

ይህን ልጅ ያገኘሁት በሰው በሰው ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ያደገ፣ የአካባቢውን ወፍ በድምፁ የሚለይ ወጣት ነው። ስደውልለት ከዋጋ በፊት ስለ አባቴ ጠየቀኝ። ጉልበታቸው እንዴት ነው? መድኃኒት የሚወስዱበት ሰዓት አለ? ዓይናቸውስ? አንድ ዓይናቸው የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እንግዲያው የእጅ መነጽር አይመቻቸውም፤ ቴሌስኮፑን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። ዋጋውን፣ የመግቢያ ክፍያውንና አብሮን የሚሄደውን የአካባቢውን ጠባቂ፣ የስካውቱን አበል ለይቶ ነገረኝ። እስከ መጨረሻው ከዚያ አንድ ብር አልጨመረም። ከመነሳታችን በፊት ባለው ምሽት ደግሞ ስለ አካባቢው ሰላምና ስለ መንገዱ ከስካውቶቹ አጣርቶ መልሶ ደወለልኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ከሆቴላችን በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ወደ ሚሌ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት እንደሄድን፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ መኪናውን አስቁሞ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን አሳየን። ነጭ ላባና ቢጫ ፊት ያላቸው ጥንብ አንሳዎች በየምሰሶው ላይ ተደርድረው ሙቀት ይጠብቃሉ። ከቱርክና ከካውካሰስ ተራሮች ሳይቀር የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው አፋር ድረስ የሚመጡ መሆናቸውን፣ ዝርያቸው በዓለም ደረጃ የመጥፋት አደጋ እንዳለበት፣ የሚያርፉበት ምሰሶም አንዳንዴ በኤሌክትሪክ እንደሚገድላቸው አስረዳን። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ! አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ አብረውን የነበሩት የአፋር ስካውት ወርደው መሬቱን አዩ። በእድሜ የገፉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ከአስጎብኚው ጋር በአፋርኛ ጥቂት ተነጋገሩና በበትራቸው ወደ አሰቦት ተራራ አቅጣጫ አመለከቱ። ልጁ ሹፌሩን ሞተር እንዲያጠፋ ጠየቀው። እዚያው ቆመን አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። እኔ መታገስ አቅቶኝ ነበር፤ አባቴ ግን ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ ሜዳው በራሱ ጊዜ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የሜዳ ፍየሎች፣ ቀጥሎ ቀንዳቸው እንደ ጦር የቆመ ሳላዎች እየጋጡ ቀረቡ። ከግራር ቁጥቋጦው በኩል ገረኑክ የምትባል አንዲት አንገተ ረጅም የሜዳ ፍየል በኋላ እግሮቿ ብቻ ቆማ ቅጠል ትቀጥፍ ነበር። ማንም አላባረራቸውም፤ ማንም አልሸሸም።

አንድ ነገር በተለይ ልንገራችሁ። ኮሪ ባስታርድ የሚባል ግዙፍ የሜዳ ወፍ አለ፤ መብረር ከሚችሉት ወፎች በክብደት ከቀዳሚዎቹ ነው። አንዱ በሣሩ ውስጥ እንደ ሽማግሌ በቀስታ እየተራመደ መጣ። ጀርባው ላይ ቀይ ነገር አየሁና የቆሰለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቁስል አይደለም፣ ጠብቂ» አለኝ። ባስታርዱ አንድ እርምጃ ሲራመድ ከእግሩ ሥር ፌንጣ ተነሳ፤ ያ ቀይ ነገር ብድግ ብሎ አየር ላይ ቀለበውና ተመልሶ ጀርባው ላይ ተቀመጠ። ንብ በል ወፍ ነበር፤ ሰውነቱ ደም የመሰለ ቀይ፣ ራሱ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት። ትልቁ ወፍ በእግሩ ፌንጣ ያስነሳለታል፣ ትንሹ ጀርባው ላይ ተሳፍሮ ያድናል። በሰጎን ጀርባ ላይም እንዲሁ እንደሚቀመጥ ነገረን። ስምንት ፌንጣ ቆጠርኩ።

የሜዳ አህያው እስከ ረፋዱ አልታየም። አባቴ «ግድ የለም፣ ያየሁት ይበቃኛል» ማለት ጀምረው ነበር፤ እንዳልበቃቸው ግን ከድምፃቸው ያስታውቃል። ልጁም ያወቀው ይመስለኛል። ስካውቱን ይዞ በእግሩ ወደ አንድ ጉብታ ሄደና ከሩቅ በእጁ ጠራን። ሦስት እናቶችና አንድ ውርንጭላ ነበሩ፤ በባዶ ዓይን ግራጫ ነጥብ ብቻ። ቴሌስኮፑን ተከለ። ቁመቱን ያደረገው ግን ለቆመ ሰው አልነበረም፤ ተጣጣፊ ወንበር ዘርግቶ አባቴን አስቀመጣቸውና ለተቀመጠ ሰው ልክ እስኪሆን የማቆሚያውን ሦስት እግሮች አንድ በአንድ ዝቅ አደረገ። ፀሐይ ፊታቸው ላይ እንዳታርፍ በራሱ ጥላ ከለላቸው። እንስሳቱ እየጋጡ ከቴሌስኮፑ እይታ በወጡ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ያስተካክላል፤ «አሁን ጋሼ» ይላቸዋል። ስንት ጊዜ እንዳደረገው አላውቅም። አንድም ጊዜ ፊቱ ላይ መሰልቸት አላየሁም።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ በዚያ በመምህርነት ድምፃቸው፣ «ሆዱ ነጭ ነው። መስመሩ እስከ ሆዱ አይዘልቅም። ጆሮውን እዪ፣ ክብና ሰፊ ነው» አሉ። ልጁም ይህ የግሬቪ የሜዳ አህያ እንደሚባል፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ከሚገኘው ባለ ሰፋፊ መስመር ዘመዱ እንደሚለይ፣ በዱር የቀረው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ እንደሆነ አስረዳቸው። ስሙ የተወሰደው በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአገራችን አንዱ ከተላከለት ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከዡል ግሬቪ ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «የሜዳ አህያ» ስለምንላቸው አብዛኞቻችን ልዩነቱን አናውቅም። አባቴ ዓይናቸውን ከቴሌስኮፑ ሳያነሱ፣ «ለካ 34 ዓመት ሰሌዳ ላይ የሳልኩት የነጭ ሳሩን ነው» አሉ። የውርንጭላው መስመር ጥቁር ሳይሆን ቡናማ መሆኑንም መጀመሪያ ያስተዋሉት እርሳቸው ናቸው። ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጻፈ፤ ከሥሩም «ውርንጭላውን ያዩት ጋሼ» ብሎ ጨመረ። አባቴ ያን ገጽ ፎቶ አንስቼ እንድልክላቸው ለመኑኝ። አሁን መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

በመመለሻችን ላይ ስለ ሥራው ጠየቅሁት። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ለወራት እንግዳ ጠፍቶ ነበር። እርሱ ግን ስለ ራሱ ብዙ አላወራም፤ ይበልጥ ያወራን ስለ ፕሮሶፒስ ነው። አፋሮች ደርጊ ሃራ የሚሉት ይህ መጤ እሾሃማ ዛፍ ሣሩን እያጠፋ ሜዳውን እየዘጋው ነው። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው ያዛምቱታል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ሣር ከሌለ ሳላውም፣ የሜዳ አህያውም፣ የአፋሩ ከብትም የሚበላው የለም። መኪና ቆሞ እያለ ወርዶ በመንገዱ ዳር የበቀለውን አንድ ችግኝ ከነሥሩ ነቀለው። ብቻውን ምን ሊለውጥ እንደሚችል አላውቅም፤ ነገር ግን ሲነቅለው ማንም እንዲያይለት ብሎ አልነበረም።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ሙቀቱ ይቀላል፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎችም ያኔ እዚያው ናቸው። ዋዜማውን አዋሽ እደሩ፤ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውኃ በብዛት ያዙ፤ ደማቅ ልብስ አትልበሱ። አንድ ቀን ካላችሁ ደግሞ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ያለውን የኢላላ ሳላ ሜዳና ፏፏቴውን ጨምሩበት፤ ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ስካውቱን ያለ ጉርሻ አትሸኙት፤ መንጋው የት እንዳደረ የሚያውቀው እርሱ ነው።

የአስጎብኚውን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ስልኩ በማያውቃቸው ሰዎች እንዳይጨናነቅ ብዬ ነው። ፈቃዱን ጠይቄዋለሁ፤ በውስጥ መልእክት ለጻፈልኝ ቁጥሩን እሰጣለሁ። አረጋዊ ወላጅ ወይም ሕፃን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ያስብበታል።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቴ በሚቀጥለው ኅዳር ፈንታሌ ላይ፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የማትገኘውን ቢጫ ጉሮሮ ወፍ ልታሳያቸው ቃል እንደገባህላቸው በየሳምንቱ ያስታውሱኛል። ወንበሩን እኛ ይዘን እንመጣለን።